የማይቀዳ ቴፕ

ነገርን ነገር ያነሣዋል። ይህን ጽሑፍ ያስነሣው አንድ የሚኒባስ ታክሲ ጉዞ ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስንሄድ ረዳቱ «ሂሳብ!» እያለ እጁን ዘረጋ። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት አልሰማም። ረዳቱ ደገመ፤ አሁንም መልስ የለም። በሦስተኛው ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ልጁ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ደንገጥ ብሎ ከጆሮው አንዲት ነጭ ፍሬ የምታህል ማዳመጫ ነቀለ፤ ሂሳቡን ከፈለ፤ መልሶ ወተፋትና ወደ ዓለሙ ተመለሰ። ከኋላችን የነበሩ አንዲት እናት «አይ የዛሬ ልጅ! አጠገብህ ተቀምጦ ሩቅ አገር ነው» አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። ልጁ ግን ይህንንም አልሰማም።

እኔም ከሳቁት ጋር ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ የልጁ ጥፋት ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ሰው በሰው መካከል ተቀምጦ ብቻውን የሚሰማበት መንገድ በአንድ ቀን የተጠረገ አይደለም። መንገዱን የጠረጉ ሰዎች አሉ፤ የተሰበሰቡበት ጠረጴዛ አለ፤ «ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ» ያሉበት ቀን አለ።

እኛ ሒስ የምንጽፈው ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ቴአትርና ስለ ፊልም ነው። አዲስ አልበም ሲወጣ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን እንመረምራለን። ዘፈኑ የሚደመጥበትን ዕቃ ግን እንደ ማንኪያና ሹካ ቆጥረን እናልፈዋለን። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። ዕቃም እንደ መጽሐፍ ደራሲ አለው፤ አርታኢ አለው፤ የተሰረዘ አንቀጽ አለው፤ አሳታሚና ሻጭ አለው። እንደ መጽሐፍም ባለቤቱን በቀስታ «እንዲህ ሁን» ይለዋል። እንግዲህ ዛሬ ለሒስ የማቀርበው «ድርሰት» ዎክማን ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዕቃው አረጀ ብለህ ገጹን አትለፍ፤ በጆሮህ የሰካኸው የእርሱ የልጅ ልጅ ነውና።

ከኪስ የተጀመረ ሐሳብ

ዎክማን ከመወለዱ በፊት ካሴት መወለድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ፣ ሃሰልት በምትባል የቤልጅየም ከተማ በነበረው ፋብሪካው፣ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ለመሥራት ተነሣ። በዚያ ዘመን ቴፕ ማለት ክሩ በሁለት ትልልቅ መዘውሮች ላይ በእጅ የሚጠመጠም፣ ለማንሣት ትከሻ የሚጠይቅ ዕቃ ነበር። የሥራው ኃላፊ ሉ ኦተንስ የጀመሩት ከሞተርና ከሽቦ አልነበረም። በኮታቸው የጎን ኪስ ልክ አንድ እንጨት ተጠረበ፤ መሐንዲሶቹም የክሩን ስፋት፣ የመዘውሩን መጠን፣ የባትሪ ድንጋዩን ቦታ ሁሉ ከዚያ እንጨት ልክ ተነሥተው አሰቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 በበርሊን የሬዲዮ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። እንጨቱ ግን ለሙዚየም አልበቃም፤ ኦተንስ የመኪናቸውን ጎማ ሲቀይሩ ክሪኩን አስደግፈውበት እዚያው ቀረ።

ፊሊፕስ ሌላም ትልቅ ውሳኔ ወሰነ። ሶኒን ጨምሮ ሌሎች ፋብሪካዎች ካሴቱን ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ልኩን ግን እንዲጠብቁ አደረገ። በመሆኑም ጅዳ የተቀዳ ካሴት አዲስ አበባ ይደመጣል፤ አዲስ አበባ የተቀዳው ዋሽንግተን ይደርሳል። እኛም አገር ሸክላ ቦታውን ለካሴት የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። የካሴት ትልቁ በረከት ርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። ሸክላ የሚታተመው በፋብሪካ ነው፤ ካሴት ግን ማንም በቤቱ ይቀዳዋል። ሰሚው ተናጋሪም ሆነ።

አራት ወር

ሶኒን እ.ኤ.አ. በ1946 የመሠረቱት ማሳሩ ኢቡካና አኪዮ ሞሪታ ናቸው። ኩባንያቸው በ1978 ቲሲ-ዲ5 የሚባል በእጅ የሚያዝ ስቴሪዮ ቴፕ አወጣ። ኢቡካ በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ሙዚቃ የሚሰሙት በእርሱ ነበር፤ ነገር ግን ይከብዳል። ስለዚህ ከባልደረቦቻቸው አንዱን ኖሪዮ ኦጋን፣ ማጫወት ብቻ የሚችል ትንሽ ስቴሪዮ እንዲያሠሩላቸው ጠየቁ። የቴፕ ክፍሉ ኃላፊ ኮዞ ኦሶኔና ሠራተኞቻቸው «ፕረስማን» የተባለውን ትንሽ ቴፕ ወሰዱ። መቅጃውንና ድምፅ ማጉያውን አወጡለት፤ በቦታው የስቴሪዮ ድምፅ የሚሰጥ ሰርኪዩት አስገቡ። ልብ በሉ! ፕረስማን የተሠራው ለጋዜጠኛ ነው። ጠይቆ መልስ ለመቀበል የተፈጠረ መሣሪያ፣ መቅጃው ሲወጣለት፣ መስማት ብቻ የሚችል ሆነ።

ኢቡካ ከጉዞ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ሞሪታም ሞከሩትና ነገሩ ከአንድ አዛውንት መዝናኛነት በላይ መሆኑን አዩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1979 መሐንዲሶቹንና የሽያጭ ሰዎቹን ሰብስበው ዕቃው ከተማሪዎች የበጋ ዕረፍት በፊት ገበያ እንዲውል አዘዙ። አራት ወር ያህል ጊዜ ማለት ነው። ዋጋውም 33,000 የን ሆኖ ተቆረጠ፤ ኩባንያው የተመሠረተበት 33ኛ ዓመት ነበርና። ደግነቱ አዲስ ሞተር መፍጠር አላስፈለገም፤ የፕረስማን ሆድ ዕቃ አለ። በሌላው ቤተ ሙከራ ደግሞ ቀላል የጆሮ ማዳመጫ እየተሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ማዳመጫዎች 300ና 400 ግራም ሲመዝኑ ይህ ወደ 50 ግራም ብቻ ነበር። ሁለቱ ለየብቻ የተጀመሩ ሥራዎች ተጋቡ።

እዚህ ላይ ነው የዕቃ ፈጠራ ምን እንደሆነ የምንማረው። ዎክማን አንድም አዲስ ግኝት የለበትም። ካሴቱ የፊሊፕስ ነው፤ ሞተሩ የፕረስማን ነው፤ ማዳመጫው ከጎረቤት ክፍል የመጣ ነው። አዲሱ ነገር የተጨመረው ሳይሆን የተቀነሰው ነበር። ዎክማን ከደራሲ ይልቅ የአርታኢ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሻጮቹ ግን ተቀናሹን ፈሩት። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ የማይቀዳ ቴፕ ማን ይገዛል? በመጀመሪያው ዙር 30,000 ተሠራ። ጋዜጠኞች በአውቶቡስ ወደ ዮዮጊ መናፈሻ ተወሰዱ፤ እያንዳንዳቸው ዎክማን ተሰጣቸው፤ መግለጫውን ከመድረክ ሳይሆን ከካሴቱ ሰሙ። ዕቃው ሐምሌ 1 ቀን 1979 (እ.ኤ.አ.) ገበያ ወጣ። በዚያ ወር የተሸጠው 3,000 ያህል ብቻ ነበር። ወጣቶች ዎክማን ይዘው በጊንዛና በሺንጁኩ ጎዳናዎች ተሰማሩ፤ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ ማዳመጫውን በጆሮው ላይ አደረጉለት። ወሬው ከጆሮ ወደ አፍ ሄደ። ነሐሴ ሳያልቅ 30,000ው አለቀ። ኩባንያው የካሴት ዎክማንን በጃፓን መሥራት እስካቆመበት እስከ 2010 ድረስ የተሸጠው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው።

ስሙስ ቢሆን? «ዎክማን» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ የተንጋደደ ቃል ስለነበር አሜሪካ ውስጥ «ሳውንድአባውት»፣ እንግሊዝ ውስጥ «ስቶውአዌይ»፣ ስዊድን ውስጥ «ፍሪስታይል» ተብሎ ተሸጠ። ሕዝቡ ግን የተንጋደደውን ስም መረጠ፤ በ1986 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ተቀበለው። እኛም አገር ማንም ይሥራው ማን፣ በወገብ የሚታሰር ቴፕ ሁሉ «ዎክማን» ሆነ።

ሐሳቡ የማን ነው?

የኩባንያዎች ታሪክ አንድ ጀግና ይወዳል። አንዱ አዛውንት አውሮፕላን ላይ ሙዚቃ አማረውና ዓለም ተለወጠ የሚለው ትረካ ለጆሮ ይጥማል። ይሁን እንጂ አንድሬያስ ፓቬል የተባለ፣ ጀርመን ተወልዶ ብራዚል ያደገ ሰው፣ ስቴሪዮ ካሴት በወገብ ታጥቆ ማዳመጥን እ.ኤ.አ. በ1972 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞክሮት ነበር። ስሙን «ስቴሪዮቤልት» አለው። ታላላቅ ፋብሪካዎችን ቢያንኳኳ፣ ሰው በአደባባይ ማዳመጫ አጥልቆ አይሄድም ብለው መለሱት። በ1977 ጣልያን ውስጥ የፈጠራ መብት ጥያቄ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ከሶኒ ጋር የነበረው ክርክር ዓመታት ፈጀ፤ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተረታ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ።

ይህን የማነሣው ሞሪታን ሌባ ለማሰኘት አይደለም። ሐሳብ ብቻውን ዕቃ እንደማይሆን ለማሳየት ነው። ፓቬል ሐሳቡ ነበረው፤ ፋብሪካ፣ ቀላል ማዳመጫና 30,000 ዕቃ ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራውን የሚችል ካዝና ግን አልነበረውም። ስለዚህ «ፈጣሪው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የሚጠቅመን «ምን ተቀነሰ? የተቀነሰበትስ ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ቤታችን ነው።

ቀዳ

1990 ዓ.ም. ላይ አሥር ዓመቴ ነበር። አክስቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን በሰው እጅ አንድ ዎክማንና አንድ ካሴት ላከችልን። ዎክማኑ ስመ ጥር አይደለም፤ በላዩ የተጻፈውን ስም ከዚያ ወዲህ የትም አላየሁትም። ካሴቱም ዘፈን አልነበረበትም፤ የራሷ ድምፅ ነበር።

እናቴ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኛ አራት ልጆች ዙሪያዋን ቆመን ፊት ፊቷን እናያለን። ሳቀች። «ምን አለች?» አልን። «ቆይ ዝም በሉ፣ ስማችሁን እየጠራች ነው!» አለችን። ቆየችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ሰማን። ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ካሴቱን የምንመልሰው በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ነበር። አክስቴ የተናገረችው አንድ ቀልድ ነበር፤ በአራት የተለያየ ሰዓት፣ አራት ጊዜ፣ ለየብቻ ተሳቀ። አብሮ መሳቅ የሚባለው ነገር በዚያ ቀን ቤታችን አልገባም።

መልስ እንላክ ሲባል ነው ጉዱ የተገለጠው። እናቴ ዎክማኑን አገላብጣ አየችው፤ ቀይዋ መቅጃ የለችም። «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ቴፕ ነው? የማይቀዳ!» አለች።

በአማርኛ «ቀዳ» የሚለው ቃል ሆደ ሰፊ ነው። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ ለእንግዳ ይቀዳል፤ ድምፅም በካሴት ይቀዳል። ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ማድረስ ነው። ያኔ በየሙዚቃ ቤቱ ባዶ ካሴት ይዞ ሄዶ «ምርጥ ምርጡን ቅዳልኝ» ማለት የተለመደ ነበር። ይህ ከጉዳት የጸዳ አልነበረም፤ ድምፃዊው ላቡን ያፈሰሰበትን ማንም እየገለበጠ ይሸጠው ነበርና የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እስከ መውጣት ተደረሰ። ቢሆንም ያቺ ቀይ መጫኛ የሌብነት ብቻ አልነበረችም። ለእናቴ ብዕርና ፖስታ ነበረች። እርሷ ከሌለችበት ቴፕ የሚጠጣ እንጂ የሚቀዳ ማሰሮ አይደለም።

መልሱ የተቀዳው ጎረቤታችን በነበሩት ጡረተኛ ወታደር ትልቅ ቴፕ ነው። ቡና ተፈላ። ጋሼ ራሳቸው ቴፑን ከፍተው «በይ ተናገሪ» አሏት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታውን አስቀዳ። እናቴ ግን ሁሉም ደኅና መሆኑን፣ ዝናቡ መጣሉን፣ ልጆቹ ክፍል ማለፋቸውን ከመናገር አልፋ አልሄደችም። አክስቴ በካሴቷ መጨረሻ ላይ ለእናቴ ብቻ የተናገረችው ነገር ነበር። ያንን እኛ ልጆቹ አልሰማንም፤ እናቴ እዚያ ቦታ ሲደርስ ማዳመጫውን ከጆሯችን ትነቅለው ነበር። መልሱንም በጎረቤት ፊት መስጠት አልቻለችም።

እንግዲህ ሐያሲ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። ያ ማዳመጫ ባይኖር ኖሮ የአክስቴ ምሥጢር በልጆች ጆሮ፣ ከልጆችም በመንደሩ ሁሉ ይገባ ነበር። ለብቻ መስማት የሰውን ገበና ሸፈነ። የማይቀዳ መሆኑ ግን የገበናውን መልስ ከለከለ። አንዱ ዕቃ በአንድ እጁ ሰጠ፤ በሌላው ነሣ።

ሁለተኛዋ ቀዳዳ

ብዙ ሰው የረሳው ነገር አለ። የመጀመሪያው ዎክማን ብቻ ለመስማት የተሠራ አልነበረም። ሞሪታ ናሙናውን ቤታቸው ወስደው ሲያዳምጡ ባለቤታቸው ቅር አላቸው፤ ያናግሯቸዋል፣ እርሳቸው አይሰሙም። ሞሪታ ይህ ዕቃ ነውር ሊሆን እንደሚችል ገባቸው። ስለዚህ ሁለት ማዳመጫ የሚሰካበት ሁለት ቀዳዳ እንዲኖረው አደረጉ። ብርቱካንማ መጫኛም ተጨመረለት፤ ስትጫን ሙዚቃው ዝቅ ይልና በትንሽ ማይክሮፎን የጓደኛ ድምፅ ይሰማል። በሙዚቃ መካከል መነጋገር ይቻል ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የት ደረሰች? ገዢው አልፈለጋትም። ባልና ሚስቱ፣ ጓደኛና ጓደኛው፣ አንድ ዎክማን ለሁለት ከሚካፈሉ ይልቅ ለየራሳቸው መግዛትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አነስተኛው ሞዴል የመነጋገሪያ መጫኛ አልነበረውም፤ ቆይቶም ቀዳዳዋ አንድ ብቻ ሆነች። መቅጃውን የቀነሰው ሠሪው ነው፤ ጓደኛውን የቀነሰው ግን ገዢው ነው።

የገበያ ሰዎች ይህንን እንደ ትልቅ ጥበብ ያስተምሩታል። ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ያልፈለገውን አውጣለት ይላሉ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ደንበኛ ማን ነው? ገንዘቡን የከፈለው ብቻ? በእናቴ ዙሪያ የቆምነው አራት ልጆች ደንበኞች አልነበርንም፤ የማንም መጠይቅ አልደረሰንም። የሞሪታም ባለቤት ገዢ አልነበሩም። ሆኖም በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለችውን ብቸኛ ሰብዓዊ ማሻሻያ ያስገኘችው የእርሳቸው ቅሬታ ናት። ጥሩ ዕቃ የሚሠራው ከሚገዛው ሰው ምኞት ብቻ ሳይሆን፣ ከሚገዛው ሰው አጠገብ ከተቀመጠው ሰው ቅሬታም ጭምር ነው።

በዎክማን ላይ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል። ጃፓናዊው ሹሄይ ሆሶካዋ እ.ኤ.አ. በ1984 «የዎክማን ውጤት» በሚል ጥናት ሙዚቃው የሚራመደውን ሰው ከከተማው ጋር የሚያኖረውን አዲስ ግንኙነት መረመረ። በ1997 ደግሞ ፖል ዱ ጌ፣ ስቱዋርት ሆልና ባልደረቦቻቸው ይህችን ትንሽ ዕቃ የአንድ ሙሉ መጽሐፍ ርዕስ አድርገው፣ ባህል በፋብሪካም በሱቅም በማስታወቂያም እንደሚሠራ አሳዩ። ሰው በጆሮው ውስጥ የራሱን ክፍል ሲያገኝ ነፃነት ነው የሚሉትን አልቃወምም። አባት ሬዲዮ በሚያዝበት፣ ወንድም ካሴት በሚመርጥበት ቤት ያደገች ልጅ፣ የራሷን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው በማዳመጫ ሊሆን ይችላል። ይህን ነፃነት በ«ድሮ አብረን እንሰማ ነበር» ናፍቆት ማራከስ ተገቢ አይደለም። ድሮም አብሮ መስማት ማለት ብዙ ጊዜ አንዱ የመረጠውን ሌላው መስማት ነበር።

ነገር ግን «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚል ሕዝብ፣ ለብቻው የሚያሰማ ዕቃ ሲገባለት ቢያንስ ቆም ብሎ ማየት ነበረበት። አላየንም። ዕቃው ሲመጣ ዋጋውን እንጂ ሐሳቡን አልጠየቅንም።

ፍርድ

ፍርዴን ልስጥ። እንደ አርትዖት ሥራ ዎክማን እጅግ የተዋጣ ነው። አንድ ሐሳብ ይዞ፣ በአራት ወር፣ ባለው ዕቃ፣ ትርፉን ጥሎ አስፈላጊውን ማስቀረት ብርቱ ዲስፕሊን ይጠይቃል፤ የእኛ ደራስያንም ሊማሩበት ይችላሉ። እንደ ማኅበራዊ ሥራ ግን ከመጀመሪያው እትም እየቀነሰ የሄደ መጽሐፍ ነው። የ1979ኙ ዎክማን ለሁለት ሰው የታሰበ ነበር፤ ተከታዮቹ ለአንድ ሰው ሆኑ። ገበያው የተሻለውን እትም ትቶ አጭሩን መረጠ።

መቅጃዋ ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክ ውስጥ ተመልሳለች። እናቴ ዛሬ ስልኳን አፏ ድረስ አስጠግታ፣ መጫኛዋን በአውራ ጣቷ ይዛ፣ ለዘመድ ሁሉ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ማዳመጫ አትወድም። የመጣላትን መልእክት ድምፁን ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች፤ ቤቱ በአንድነት ይስቃል። ለብቻዋ የሚነገራት ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። አክስቴ አገሯ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። በካሴቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በከተማችን ድምፅ ማጉያ የሚገጣጥሙ፣ የስልክ ፕሮግራም የሚሠሩ፣ «አንድ ሐሳብ አለኝ» የሚሉ ወጣቶች በርክተዋል። ደስ ይላል። ለእነርሱ ከዚህ ሒስ አንድ ነገር ቢተርፍ የምመኘው ይህ ነው፦ ዕቃችሁን ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ዋጋው ከተቆረጠና ስሙ ከወጣ በኋላ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከገዢው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ምን ይሰማል? የሰማውስ ሰው በምን ይመልሳል?

ያ የታክሲ ልጅ አራት ኪሎ ሳንደርስ መውረጃው አለፈበት። «ወራጅ አለ!» ብሎ ሲጮኽ መኪናው ውስጥ ያለን ሁላችን ሰማነው። ከገዛ ድምፁ ያፈረ መሰለኝ፤ ማዳመጫው በጆሮው ስለነበር ምን ያህል እንደጮኸ አላወቀም።